የዘወትር መኪና

አልዊን ቶርሊ እሑድ ከቀትር በፊት፣ በገዛ ጋራዡ፣ በገዛ መኪናው ስር ሞቶ ተገኘ። እግሮቹና ቀኝ እጁ ውጭ ናቸው። ደረቱንና ራሱን ዝቅ ብላ የተሠራች አረንጓዴ ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ተጭናቸዋለች። ከጎኗ መኪና የሚነሣበት ክሪክ እስከ መጨረሻው ወርዶ ቆሟል። መኪናዋ ስትወድቅ የሞተሩ ዘይት ቋት ተሰንጥቆ፣ ጥቁር ዘይት በሲሚንቶው ላይ እየሰፋ ሄዶ የሟቹ ጫማ ዘንድ ሲደርስ ቆሟል። በግራ በኩል፣ ከፊት ጎማው አጠገብ፣ የግራ እጁ ጣቶች ብቅ ባሉበት ቦታ፣ የመኪና መገጣጠሚያ የሚለሰልስበት አንድ የግራሶ ፓምፕ ተጋድሟል።

ያገኘችው ሮዛሊንድ ኪን ናት፤ የሃዘርክላፍ መንደር አዋላጅ። እሑድ እሑድ አራት ወዳጆች አሮጌ ስፖርት መኪኖቻቸውን አከታትለው እየነዱ ኮረብታው ላይ ወዳለው መጠጥ ቤት ለምሳ ይወጣሉ፤ መነሻቸውም የአልዊን ግቢ ነበር። ሮዛሊንድ ቀድማ ደረሰች፣ የጋራዡን በር ገፋች፣ አየች። ተንበርክካ የቀኝ እጁን የደም ሥር ፈለገች። እጁ ቀዝቅዟል። ወደነበረበት መለሰችው፣ ወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ ፖሊስ ጠራች። አልጮኸችም።

ኢንስፔክተር ዶርካስ ፔል ስትደርስ ዝናብና በረዶ የተቀላቀለበት ነገር ይወርድ ነበር። ጡረታዋ የተቃረበ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ጥያቄ ጠይቃ ስታበቃ የሰውን ፊት ሳይሆን እጁን ነው የምታየው። ከስንት ዓመት ወዲህ በሬሳ ፊት ምንም አይሰማትም፤ ይህንንም ለማንም ተናግራ አታውቅም። ዝም ብላ ማየት ትችላለች። ሥራዋም የሚፈልገው ይኸንኑ ነው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች መኪናዋን ሊያነሡ ሲሰናዱ፣ «በዚህ ክሪክ አይደለም» አለች። «የራሳችሁን አምጡ። ይህን ማንም እንዳይነካው።»

መኪናዋ ተነሣች፣ አልዊንም ወጣ። ፔል እዚያው ቀረች። ባትሪ አብርታ ከስር አየች፤ የጭስ ማውጫው ማርሚታ በታሰረበት ብሎን ላይ መፍቻ እንደተሰካ ነው። ከዚያ የግራሶ ፓምፑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ በእስክሪብቶዋ ቀስ አድርጋ ቀና አደረገችው። ከስሩ ያለው ወለል በዘይት ርሷል። የላይኛው ጎኑ ግን አቧራ እንደለበሰ ነው፤ መሃሉ ላይ ብቻ አቧራው በጨርቅ የተጠረገ ይመስላል።

ሮዛሊንድ በራሷ መኪና ውስጥ ሆና ጠበቀቻት። የሸራው ጣሪያ በአንድ ጥግ ያንጠባጥባል፤ ኩባያ ደቅናበታለች። ከመቀመጫው ኋላ የማዋለጃ ሻንጣዋ ተቀርቅሯል።

«በዚህች ነው ሥራ የሚሄዱት?» አለች ፔል ጉልበቷን አጥፋ እየገባች።

«በየቀኑ። በረዶም ቢሆን። ጋሬዝ ማሞቂያውን ቀየረልኝ፣ ፍሬኑን ቀየረልኝ፣ መብራቱን ቀየረልኝ። የወላዶቹ ባሎች ድምፅዋን ከሩቅ ሲሰሙ ውሃ ይጥዳሉ።»

«አልዊንም እንደዚሁ?»

«ዳቦ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሐኪም ዘንድ። ሌላ መኪና የለውም። ሁላችንም የለንም። መኪናን በጨርቅ ሸፍኖ ማስቀመጥ የሬሳ ወግ ነው ይል ነበር።» ቆም አለች። «አሁን ይህን ማለት አልነበረብኝም።»

«ሲገቡ ምን አዩ?»

«እግሩን። ከዚያ እጁን። ሌላ አላየሁም።»

«ከፊት ጎማው በኩልስ?»

«ወደዚያ አልዞርኩም።»

«ለወይዘሮ ቶርሊ ምን ብለው ነገሯቸው?»

«“ሄስተር፣ አልዊን ሞቷል። ወደ ጋራዡ እንዳትገቢ” አልኳት። “እሺ” አለች። ድንች እየላጠች ነበር። የያዘችውን ልጣ ጨረሰች።» ሮዛሊንድ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። «ደግሞ ሄስተር ጋራዥ አትገባም። ብሪዮኒ ከሞተች ወዲህ አንድ ቀን ገብታ አታውቅም።»

«ብሪዮኒ ማን ናት?»

«አንድያ ልጃቸው። በዚህችው በአረንጓዴዋ መኪና ነው የሞተችው። ወደ ባቡር ጣቢያ ስትወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ የፊት ጎማው መገጣጠሚያ ተሰበረና ጎማው ታጠፈ። ብረቱ አርጅቶ ነው ተባለ። አልዊን የመኪናዋን ስብርባሪ ወደ ቤት አስመጣና እንደገና ሠራት።»

«ከዚያም ነዳት።»

«በየቀኑ» አለች ሮዛሊንድ።

ጋሬዝ ፕሩየት ግቢው ውስጥ ሁለት የብረት መደገፊያዎች አቅፎ ዝናቡ ላይ ቆሟል። ዌልሳዊ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ከሥራው ሲወጣ ግን የወዳጆቹን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። መኪና በክሪክ ከተነሣ በኋላ ተደግፎ የሚቆምባቸው እነዚህ መደገፊያዎች ናቸው።

«የእርሱ ናቸው» አለ። «ተውሼው ነበር። ጠዋት ደውሎ፣ “ማርሚታዬ እያንኳኳ ነው፣ መደገፊያዎቼን ይዘህ ና፣ አንተ ሌባ” አለኝ። “እስክመጣ ከስሯ እንዳትገባ” አልኩት። “አንተ ጥርስህን ንቀል” ብሎ ዘጋው።» ሊስቅ አፉን ከፍቶ ተወው። «ትንሽ ዘገየሁ። ቁርሴን ቁጭ ብዬ በላሁ።»

«መደገፊያ ሳይኖር ይገባ ነበር?»

«ከልጅቷ ወዲህ? በጭራሽ። ግን ማርሚታ ሲያንኳኳ ሰው ያሳብዳል። አንዲት ብሎን ላጥብቅ ብሎ ነው።»

«ክሪኩ ከድቶት ይሆን?»

ጋሬዝ መደገፊያዎቹን መሬት ላይ አኖረ። «እኔ ነኝ መርጬ ያስገዛሁት። ቢከዳም ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ ሰው ተንሸራቶ ይወጣል። እንዲህ ዱብ አያደርግም።» የተናገረው ነገር የራሱ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ታየ። «ኢንስፔክተር፣ ምን እያልኩ ነው?»

«እውነቱን» አለች ፔል። «የክሪኩን መያዣ ብሎን ያላላ ሰው ከሌለ በስተቀር።»

ዝናቡ በጋሬዝ መነጽር ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገውም።

ሦስተኛው ሴድሪክ ዋድሎ ነው። ነጭ ጺም ያለው የቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሲሆን፣ የአካባቢው አሮጌ መኪና ነጂዎች ማኅበር ሊቀመንበርም ነው። ፔል ቤቱ ድረስ ሄደች። ሳትቀመጥ ጀመረ።

«ጠዋት ሄጄ ተጣልቼዋለሁ። ከጋሬዝ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በመኪናዋ ነዋ። በምን ሌላ እንጣላ? እኔ የኔን ከፋብሪካ እንደወጣች ነው የምነዳት። ዝናብ ሲበዛ ትቆማለች፤ እኔም ወርጄ አብሬያት እቆማለሁ። መኪና ማለት ይህ ነው። እነርሱ ግን በየወሩ አንድ ነገር ያወጡና አንድ ነገር ያስገባሉ። ቆዳዋ የአያታችን፣ ሆድ ዕቃዋ የማንም።»

«ዛሬ ምን አሉት?»

«የፊት መገጣጠሚያዎቹን መልስ አልኩት። የጥንቶቹ በየጊዜው ግራሶ ይጠጣሉ፤ ካጠጣሃቸው ዕድሜ ልክህን ያገለግሉሃል። እርሱ አውጥቶ ጥሎ ድፍን፣ የታሸጉ፣ ግራሶ የሚባል የማያውቁ አስገባ። ጋሬዝ ገጠመ፣ ሮዛሊንድ መብራት ያዘች። ማኅበሩ ፊት አንሥቼ ተከራክሬበታለሁ። ያልሰማ የለም።»

«አልዊን ምን መለሰ?»

ሴድሪክ ጺሙን ያዘ። «“ከእንግዲህ ወዲህ በሰው ትዝታ ላይ የተንጠለጠለ መኪና አልነዳም” አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። በሩን ወርውሬ ወጣሁ። የመጨረሻ ቃሌ “ነውረኛ” የሚል ነበር።»

«መኪናዋን የገዛት እርሱ ነው?»

«ኧረ! የዶክተር ሬይነር ነበረች፣ የሄስተር አባት። በሽተኛ የሚጠይቁባት። ግራሶ የምታጠጣት ሄስተር ነበረች፤ እጇ ቀጭን ነው፣ ከጎማው ኋላ ይገባል እያሉ ሽማግሌው ይኮሩባት ነበር። ከተጋቡም በኋላ ይህ የእርሷ ሥራ ነበር። አልዊን መንዳት ብቻ ነበር የሚያውቀው። የቀረውን የተማረው ልጁ ከሞተች በኋላ ነው።»

ፔል ወደ ቶርሊ ቤት ተመለሰች። ሄስተር ወጥ ቤት ተቀምጣለች። የተላጡት ድንቾች ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃ ላይ ናቸው። ከኋላዋ ወደ ጋራዡ የሚያስወጣው ጠባብ በር ተዘግቷል።

«ሻይ ላፍላልዎት?»

«ደስ ይለኛል።»

ሄስተር ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ ጣደችና እሳቱን ሳትለኩስ ተመልሳ ተቀመጠች። እጆቿን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

«ጠዋት ሲሠራ ሰምተውታል?»

«ግድግዳው ስስ ነው። በየማለዳው ሞተሯን ሲያስነሣ አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ሌላ ነገር ብዙም አልሰማም።»

«መኪናዋ ስትወድቅስ?»

«ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር።»

«ከሚስ ኪን በቀር ከጋራዡ ያዩትን የነገረዎት ሰው አለ?»

«ሮዛሊንድ ሞቷል አለችኝ። ሌላ ማንም አላናገረኝም።»

«ምን እየሠራ ነበር ይመስልዎታል?»

«ግራሶ እያጠጣት ነዋ» አለች ሄስተር፣ ስለ ዝናቡ የምታወራ ይመስል። «እርሷ ግራሶ ትፈልጋለች።»

ፔል ሻዩን አልጠበቀችም። በጠባቡ በር ወደ ጋራዡ ገባች። ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር አለ፤ ከስሩ በአቧራው መካከል የግራሶ ፓምፕ ቅርጽ ያለው ንጹሕ ቦታ። ለዓመታት እዚያ ተሰቅሎ ኖሯል። ክሪኩን መረመረች፤ መያዣው ብሎን ሙሉ ለሙሉ ተፈትቷል። አጥብቃ ክብደት ስታሸክመው ሳይነቃነቅ ቆመ። ከመኪናዋ የፊት ጎማ ኋላ እጇን ሰድዳ ዳበሰች። ግራሶ የሚገባበት ቀዳዳ የለም፤ በሌላኛውም ጎማ የለም። መጨረሻ ላይ ፓምፑን ከፈተችው። እስከ አፉ ሞልቷል። ግራሶው ከመድረቁ የተነሣ እንደ ሻማ በጥፍር ይፋቃል።

ፓምፑን ዘግታ በጋዜጣ ጠቀለለችው።

በማግስቱ ሦስቱን ወዳጆች ወደ ቶርሊ ወጥ ቤት ጠራቻቸው። ሁሉም በየመኪናቸው መጡ፤ በሌላ የሚመጡበት የላቸውም። ሄስተር የትላንቷ ወንበር ላይ ናት። ሮዛሊንድ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ጋሬዝ መስኮቱን ተደግፎ ቆመ፤ ሴድሪክ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። የፔል ረዳት ፖሊስ በሩ ዘንድ ነው። ፔል ፓምፑን ጋዜጣ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠች።

«ሚስተር ፕሩየት» አለች፣ «እርስዎ ባለመምጣትዎ አይደለም አልዊን የሞተው። ክሪኩ ደህና ነው። መያዣው በሰው እጅ ተፈትቷል፣ ከስር የተኛ ሰው ደግሞ አይደርስበትም። ይህን ከሁሉ በፊት እንዲሰሙት ፈለግሁ።»

ጋሬዝ ራሱን ነቀነቀ። እፎይ ያለ አይመስልም።

«አደጋ ቢሆንልኝ እመርጥ ነበር» አለ።

«እኔም። ከዚህ ፓምፕ በቀር ሁሉም ነገር አደጋ ይመስል ነበር። አልዊን ማርሚታ እያጠበቀ ነበር፤ መፍቻው ብሎኑ ላይ ነው። ታዲያ ፓምፑ ምን ይሠራል? ዘይቱ የፈሰሰው መኪናዋ ስትወድቅ ነው። ፓምፑ ግን በዘይቱ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ከላይ አቧራው እንዳለ። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ያኖረው ሰው አለ።»

«አደጋ ለማስመሰል?» አለች ሮዛሊንድ።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አሰብኩ። ግን አስቢው እስቲ።» ፔል ለመጀመሪያ ጊዜ አክብሮቱን ረስታ እንደ ጎረቤት አነጋገረቻት። «ማርሚታ የሚያጠብቅ ሰው ላይ መኪና ቢወድቅ ራሱ አደጋ ነው። ምንም መጨመር አያስፈልግም። ይህን ያኖረ ሰው የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። የሚናገረው ነበረው። እጁ ላይ ሊያስይዘው ነው የፈለገው።»

ሴድሪክ ባርኔጣውን አዞረ። «ግራሶ? ለዚያች መኪና? እርሷ እኮ…»

«ይበሉት።»

«እርሷ እኮ ግራሶ አትጠጣም። ከቀየራት ቆየ።»

«እርስዎ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ተጣልተውታል። ሚስተር ፕሩየት ያውቃሉ፤ በእጃቸው ገጥመውታል። ሚስ ኪን መብራት ይዘዋል። ማኅበሩ በሞላ ሰምቷል። ከእናንተ አንዱ አልዊንን በአንድ ነገር ሊከስሰው ቢፈልግ ይህን ፓምፕ አያነሣም ነበር። ያነሣው ሰው መኪናዋን አሳምሮ ያውቃታል፤ የሚያውቀው ግን የድሮዋን ነው። የአሁኗን አያውቅም። ደግሞ ለዚያ ሰው መኪናዋ ግራሶ አለመጠጣቷ ተራ ነገር አይደለም።»

ማንም ወደ ሄስተር አልዞረም። ላለመዞር ሁሉም የሚያዩት ነገር ፈለጉ።

«ወይዘሮ ቶርሊ» አለች ፔል፣ «ሚስ ኪን ፓምፑን አላዩም። ለእርስዎ የነገሩት መሞቱን ብቻ ነው። እርስዎ ጋራዥ አልገባሁም አሉኝ። ግን ግራሶ እያጠጣት ነበር አሉኝ። በዚህ ቤት ከእኔና ካኖረው ሰው በቀር ይህን ሊያስብ የሚችል አልነበረም።»

ሄስተር ፓምፑን እያየች ነበር። «አሞላሉን ያስተማረኝ አባቴ ነው» አለች። «አየር እንዳይገባበት።»

ሮዛሊንድ እጇን ልትይዛት ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

«እናቴ የታመመች ጊዜ ነው» አለች ሄስተር፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። «ወደ እርሷ ስሄድ ፓምፑን ሞልቼ ለአልዊን ሰቀልኩለት። ብሪዮኒ ወደ ጣቢያው ልትነዳት ነው፣ ከመሄዷ በፊት አጠጣት አልኩት። በስልክም ጠየቅኩት። አጠጣኋት አለኝ። በኋላ ለጠየቁትም ሁሉ እንደዚያው አለ። ብረቱ አርጅቶ ነው አሉ። እኔም ተቀበልኩ። ምን ላድርግ?»

«ትላንትስ?»

«ሴድሪክ ከሄደ በኋላ ከስሯ ሆኖ ጠራኝ። “ሄስተር፣ ዛሬ ከእኛ ጋር ነይ። ሁሉን አስተካክያለሁ። መጥተሽ እዪ” አለኝ። ሳህን የማደርቅበትን ጨርቅ እንደያዝኩ ገባሁ። ለምን እንደገባሁ አላውቅም። ፓምፑ በሩ ጎን፣ እኔ በሰቀልኩበት ሚስማር ላይ ነበር። አወረድኩት። ከበደኝ። ከፈትኩት፤ እኔ እንደሞላሁት ነው። አንዲት ጊዜ እንኳ አልተጫነም። “አልዊን፣ ያኔ አጠጥተሃት ነበር?” አልኩት። መፍቻው ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር፣ ማንኳኳቱ ቆመ። ከዚያ “ማታ እነግርሻለሁ” አለኝ።»

«ክሪኩስ?»

«እግሬ ስር ነበር። መያዣውን በጨርቁ ያዝኩና አዞርኩት። ከዚያ ፓምፑን ወስጄ አጠገቡ አኖርኩለት። ከዚያ ድንቹን ላጥኩ።»

«ተናደው ነበር?»

ሄስተር ጥያቄውን ከልብ አሰበችበት። «አይ። የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።»

ፔል አንገቷን አቀረቀረች። ይህን መልስ ታውቀዋለች፤ ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለጋትም።

ጋሬዝ ከመስኮቱ ተላቀቀ። «ሄስተር፣ መገጣጠሚያዎቹን ለምን እንደቀየረ ታውቂያለሽ?»

«መቀየሩን አላውቅም ነበር።»

«መጀመሪያ የቀየርነው እነርሱን ነው። ከፍሬኑ በፊት፣ ከቀበቶው በፊት። “ማንም የሚረሳው ነገር እንዳይኖራት” አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ሐዘን ነው አልኩ። መጥተሽ እዪ ያለሽ እነርሱን ሊያሳይሽ ነበር መሰለኝ።»

ሄስተር ይህን ሰማች። ፊቷ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። «ታዲያ ፓምፑን ለምን አልጣለውም?» አለች።

ሴድሪክ ወለሉን ያያል።

«ካፖርትዎን ይልበሱ» አለች ፔል በዝግታ። «ብርድ ነው።»

ሄስተር ተነሥታ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች፤ ፔልም ተከተለቻት። ሦስቱ ወዳጆች ወደ ግቢው ወጡ። መኪኖቹ በተርታ ቆመዋል፤ ሸራቸው ላይ ስስ በረዶ ተጋግሯል። ሮዛሊንድ ገብታ ቁልፉን ሰካች። እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ። ከላይ፣ በመኝታ ቤቱ መስኮት፣ ሄስተር ካፖርቷን ስትቆልፍ ትታያለች።

«ጋሬዝ» አለች ሮዛሊንድ በመስኮቱ። «እዚህ አላስነሣትም። ሄስተር ድምፅዋን ትሰማለች።»

ጋሬዝ ወደ ላይ አየና ገባው። «ወደ ኋላ ልቀቂያት። እንገፋለን።»

ሴድሪክ ባርኔጣውን ራሱ ላይ ደፋ። ዓመት ሙሉ ሲሰድባት የኖረውን የሮዛሊንድን መኪና በትከሻው ገፋ። ከዚያ የጋሬዝን ገፉ፣ በመጨረሻም የሴድሪክን፤ እርሷ ከሁሉ ትከብዳለች፣ ጋሬዝም ስለዚያ ምንም አላለም። አንድ በአንድ በድንጋዩ አጥር በኩል ወደ መንገዱ አወጧቸውና ቁልቁለቱን ይዘው ድምፅ ሳያሰሙ ወረዱ። ድልድዩን አልፈው፣ ቤቱ ከማይታይበት ቦታ ደርሰው ነው ሞተር ያስነሡት።